በናይሮቢ ሐምሌ በርበሬ ያደረቁት ወይዘሮ ማርታ ወንድይራድ (1947–2017 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ማርታ ወንድይራድ ከአባታቸው ከባሻ ወንድይራድ ደስታና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ተክለ ማርያም፣ ከደብረ ብርሃን ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የገበሬ መንደር፣ ኅዳር 12 ቀን 1947 ዓ.ም. ይህችን ዓለም ተቀላቀሉ። ዕለቱ የቅዱስ ሚካኤል በዓል ስለ ነበር የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ተባለ። ለቤቱ አራተኛ ልጅ፣ ከሴቶቹ ግን የመጀመሪያዋ ነበሩ።

የደብረ ብርሃንን ብርድ የቀመሰ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። ዝናቡ አልፎ ቀኑ በሚጠራበት፣ ፀሐይዋም ጭንቅላት በምትበሳበት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ወይዘሮ ማርታ ገና ልጅ ሳሉ በአንድ የታኅሣሥ ማለዳ ከአባታቸው ጋር ባቄላ ለማየት ወጡ። ማሳው በውርጭ ተመትቶ፣ ቅጠሉ የፈላ ውኃ እንደ ተደፋበት ጠቁሮ ነበር። ከማሳው ዳር ከቆመው አሮጌ ጽድ ሥር ያለው ባቄላ ግን እንደ ለመለመ አድሯል።

«አባዬ፣ ይኼኛውን ማን አለበሰው?» ብለው ጠየቁ።

«ዛፉ ነዋ።»

«ዛፉ እኮ አልነካውም። ከላይ ነው ያለው።»

ባሻ ወንድይራድ የዓመት ልፋታቸው ጠቁሮ እያዩ እንኳ ሳቃቸው መጣ። «እንግዲህ ትምህርት ቤት ልሰድሽ ነው፤ መልሱን ካገኘሽው ለኔም ትነግሪኛለሽ» አሉ። ቃላቸውንም ጠበቁ። ሴት ልጅ ከውኃና ከማገዶ በማትላቀቅበት በዚያ ዘመን፣ ልጃቸውን ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት አስቀምጠው አስተማሯቸው።

ወይዘሮ ማርታ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው ከተማ አጠናቀው በ1965 ዓ.ም. ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚባለው ገቡ። ፊዚክስን ከመረጡት ጥቂት ሴቶች አንዷ ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ሲዳሞ ዘምተው ማይምነትን ሲያጠፉ ቆዩ፤ ዩኒቨርሲቲው ሲከፈትም ተመልሰው በ1971 ዓ.ም. ተመረቁ። የዚያን የባቄላ ጥያቄ መልስ ያገኙት እዚያው ዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ነው። ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት በራሷ ጨረር ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ይህን ቀንም ሌትም አታቋርጥም፤ ሌሊት ግን የሚተካላት ፀሐይ የለም። ከላይ ደመና ወይም የዛፍ ቅጠል ካለ፣ የሰጠችውን ሙቀት ከፊሉን መልሶ ይሰጣታል። ሰማዩ የተራቆተ እንደ ሆነ ግን ትሰጣለች እንጂ የምትቀበለው ትንሽ ነው። ውርጭ በጠራ ሌሊት የሚወርደው ለዚህ ነው። ለእረፍት ወደ አገራቸው ሄደው ይህንን ለአባታቸው ሲያስረዱ፣ ባሻ ወንድይራድ በጥሞና አዳመጡና «ደግ ነው። ታዲያ ለኔ ማሳ ሰማዩን ማን ይከድንልኛል?» አሉ። ወይዘሮ ማርታ ይህን ሲያወጉ «አባቴ እንደዚያ ያለኝ ቀን ነው ፊዚክስ የጀመርኩት፤ ከዚያ በፊት መጽሐፍ ነበር የማነበው» ይሉ ነበር።

ከምረቃቸው በኋላ በአየር ጠባይ ጥናት መሥሪያ ቤት በጨረር ክፍል ተቀጠሩ። ሥራቸው ከፀሐይ ወደ ምድር የሚደርሰውንና ከምድር ወደ ሰማይ የሚመለሰውን ጨረር መለካት ነበር፤ ከጧት እስከ ማታ፣ ከበጋ እስከ ክረምት እንዴት እንደሚለዋወጥ መከታተል። በኮምቦልቻ፣ በአዋሳና በነገሌ ቦረና በሚገኙ ጣቢያዎች መሣሪያ ተክለዋል፤ የተበላሸውን ጠግነዋል። በተለይ የሚወዱት አንድ የመስታወት ኳስ ነበር። ፀሐይዋ በኳሱ ውስጥ አልፋ ከሥሩ የተቀመጠውን ካርቶን መስመር እያስያዘች ታቃጥለዋለች፤ ደመና ሲመጣ መስመሩ ይቋረጣል። ያንን የተቃጠለ ካርቶን ያየ ሰው ዕለቱን እዚያ እንደ ዋለ ያህል ያውቀዋል።

በ1976 ዓ.ም. በአየር ጭነት ሥራ ላይ ከነበሩት ከአቶ ረታ መኮንን ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። አቶ ረታ ሳቂታና ተጫዋች ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ምን እንደሚሠሩ ሲጠየቁ «ፀሐይ ትሞቃለች፤ ደመወዝም ይከፍሏታል» ብለው ይመልሱ ነበር። ወይዘሮ ማርታም «እሱ ደግሞ የሰው ዕቃ ይሸከማል፤ የራሱን ግን ለኔ ነው የሚያሸክመኝ» ብለው ይበቀሉ ነበር። ከዚህ ደስ የሚል ትዳር ሱራፌልና ቤቲ ተገኙ።

በ1984 ዓ.ም. አቶ ረታ በናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ በጭነት ክፍል ሥራ ስላገኙ ቤተሰቡ ወደ ኬንያ ተዛወረ፤ ሳውዝ ሲ የተባለው ሰፈርም መኖሪያቸው ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ለወይዘሮ ማርታ ቀላል አልነበሩም። በሙያቸው የሚቀጥራቸው አላገኙም፤ የሥራ ፈቃድ ወረፋውም ማለቂያ አልነበረውም። እሳቸው ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የሳሎናቸውን ጠረጴዛ ጥቁር ሰሌዳ አድርገው የሰፈሩን ልጆች ሒሳብና ፊዚክስ አስተማሩ። ዛሬ በዚህ ጉባኤ ከተቀመጡት ሐኪሞችና መሐንዲሶች መካከል በዚያ ጠረጴዛ ላይ በጠመኔ የሞነጫጨሩ ጥቂት አይደሉም።

በ1990 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የአየር ጠባይ ባለሙያዎች በሚሠለጥኑበት በናይሮቢ በሚገኝ አንድ ተቋም አሠልጣኝ ሆነው ተቀጠሩ። በእያንዳንዱ ዓመት የመጀመሪያ ትምህርታቸው አንድ ዓይነት ነበር። ተማሪዎቹን እኩለ ቀን ላይ ወደ ግቢው ያወጡና የገዛ ጥላቸውን እንዲያዩ ያደርጋሉ። ናይሮቢ ከምድር ወገብ ትንሽ ወደ ደቡብ ስላለች፣ የእኩለ ቀን ጥላ የዓመቱን ግማሽ ወደ ደቡብ፣ ግማሹን ወደ ሰሜን ይወድቃል። ከሱዳንም ከማላዊም የመጣ ተማሪ በዚህ ይከራከራል፤ እሳቸው ደግሞ ክርክሩን ይወዱታል። የተቋሙ ሠራተኞች «ማማ ጁዋ»፣ የፀሐይ እናት፣ የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር። በ2007 ዓ.ም. በክብር ጡረታ ወጡ።

የብዙ ሰው የሕይወት ሥራ በጡረታ ያበቃል። የወይዘሮ ማርታ ትልቁ ሥራ ገና መምጣቱ ነበር።

መስከረም 2008 ዓ.ም. አቶ ረታ በድንገት ዐረፉ። ወይዘሮ ማርታ ጥቁር ለብሰው ቤት ዋሉ። ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አይሄዱም ነበር። በዚያው ጊዜ የቤተ ክርስቲያናችን እናቶችና እኅቶች ባቋቋሙት ማኅበር ውስጥ ነገር እየተበላሸ ነበር። ማኅበሩ ከኪብዌዚ ገበሬዎች እሸት ቀይ በርበሬ ገዝቶ፣ ኢምባካሲ በአንድ መጋዘን ጀርባ በተከራየው ግቢ አድርቆ፣ አስፈጭቶ ይሸጣል። ከአባላቱ አብዛኞቹ ያለዚህ ሥራ የልጅ ትምህርት የሚከፍሉበት የላቸውም። ሰብሳቢያቸው ወይዘሮ ሐሊና ራሳቸው ባላቸውን በሞት አጥተው ሦስት ልጆች ብቻቸውን ያሳድጉ ነበር።

ማድረቂያዎቹን በነጻ የሠሩላቸው አቶ ፊሊጶስ ናቸው። አቶ ፊሊጶስ የማረቆ ሰው ናቸው፤ በርበሬ ውስጥ ተወልደው፣ በርበሬ ውስጥ ያደጉ፣ በናይሮቢ የታወቁ አናጢ። ረጃጅም አልጋዎች ሠሩ፤ ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ ያሉ፣ ከላይ ላስቲክ የሚለብሱ፣ ጀርባቸው በጣውላ የተዘጋ። ፊታቸውን ወደ ደቡብ አዞሯቸው። ማረቆ በርበሬ የሚደርቀው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ያኔ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ አባታቸውም አያታቸውም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። ማድረቂያዎቹ ኢምባካሲ የቆሙት በጥር ነበርና እዚህም ፀሐይዋ በደቡብ ነበረች፤ በርበሬው እንደ ጉድ ደረቀ። ሰኔ ሲገባ ግን ሻገተ። በሚቀጥለውም ዓመት፣ በሰኔ 2009 ዓ.ም.፣ እንደገና ሻገተ። ሁሉም ጥፋቱን በናይሮቢ ሐምሌ ብርድና ደመና ላይ ጣለው።

የማኅበሩን በርበሬ የሚረከቡት በኢስሊ ሰፈር የሚነግዱት አቶ ኑሬ ናቸው። አቶ ኑሬ ከእያንዳንዱ ከረጢት አንድ በርበሬ አውጥተው ሰንጥቀው ያሸታሉ። በዚያ ሐምሌ መግቢያ አንድ ቀን ካሸተቱ በኋላ ከረጢቱን መልሰው አሠሩት። «እኅቶቼ፣ ወላሂ እናንተን አልጠላም። ሻጋታ ግን የሰው ሆድ ውስጥ አላስገባም። ይህ ሐምሌ እንዳለቀ ጥሩ ካላሳያችሁኝ ከሞያሌ በኩል አስመጣለሁ» አሉ። የግቢው ባለቤትም ቦታውን ለኮንቴይነር ማቆሚያ እንደሚፈልጉት ነገሯቸው። ማኅበሩ ሊበተን ቀረበ።

ወይዘሮ ሐሊና ሳውዝ ሲ መጥተው የወይዘሮ ማርታን በር ያንኳኩት በዚያ ሳምንት ነው።

«እትዬ፣ ተነሡ። ጋሽ ረታን እኛም እንወዳቸው ነበር። እሳቸው ቢኖሩ ግን እኔ ጾሜን እያደርኩ እርስዎ መጋረጃ ዘግተው ሲቀመጡ ዝም ይሉ ነበር?»

ወይዘሮ ማርታ ተነሥተው መጋረጃውን ገለጡ። ከዚያ «በርበሬው ሲሻግት ከላይ ነው ከታች?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ሐሊና በኋላ እንደ ተናገሩት፣ ያቺን ጥያቄ ሲሰሙ ለቅሶው ማለቁን አወቁ።

በማግስቱ ግቢው ደረሱ። ማድረቂያዎቹን አንድ ጊዜ ዞረው አዩና መሬት ላይ ቀጥ ያለ እንጨት አስተከሉ።

«ፊሊጶስ ወንድሜ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ብትወጣ የዚህ እንጨት ጥላ ወዴት ይወድቃል?»

«ወደ ሰሜን ነዋ፣ እትዬ ማርታ። ጥር ላይ ስሠራው በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ጥር ላይ እውነትህን ነው። ዛሬስ?»

«ፀሐይ ያው ፀሐይ አይደለች እንዴ?»

ደመናው እንደ ክዳን ተደፍቶ ነበርና ፀሐይ አልወጣችም። ሴቶቹ ቆመው ሰማይ ሲያዩ ደከማቸው። ወይዘሮ ሐሊና «እትዬ፣ ፀሐይዋ ምናልባት ለማታቱ ታክሲ የምትከፍለው አጥታ እንደ ሆነ በስልክ፣ በኤምፔሳ፣ ገንዘብ እንላክላት እንዴ?» አሉ፤ ግቢው በሳቅ ተሞላ። ወይዘሮ ማርታም አብረው ሳቁ፤ ከአቶ ረታ ሞት በኋላ ሰው ሲስቁ ያያቸው ያኔ የመጀመሪያው ነው። ወደ እኩለ ቀን ግን ደመናው ለአፍታ ተሰነጠቀ። የእንጨቱ ጥላ ወደ ደቡብ ተጋደመ። አቶ ፊሊጶስ እንጨቱን ዞረው አዩት፤ አጎንብሰውም አዩት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ማድረቂያዎቻቸው ሄደ፤ ከሰሜን በኩል የቆመው የጣውላ ጀርባ ለአፍታ የወጣችውን ፀሐይ ከልሎ በርበሬው ላይ ጥላ ጥሎ ነበር።

«በሰሜን በኩል ዘግቼባታለሁ እኮ!» አሉ፤ እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ለማረቆ በርበሬ ልክ ነህ፤ እኔም አገሬ ብሠራው እንደዚህ ነበር የማደርገው» አሏቸው ወይዘሮ ማርታ። አቶ ፊሊጶስ ዛሬ በመካከላችን ናቸው። ይህ እንዲጻፍ ስንጠይቃቸው «ይጻፍ እንጂ። እኔ ባላጠፋ እትዬ ምን ያቃኑ ነበር?» ብለው ፈቅደዋል።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳይሸፍኑ መናገር ይገባል። የመጀመሪያው ሙከራ አልሠራም። ማድረቂያዎቹን አንሥተው ፊታቸውን በቀጥታ ወደ ሰሜን አዞሯቸው፤ አንድ ጭነት በርበሬም ዘረጉ። ግማሹ ሻገተ። ከአባላቱ አንዳንዶቹ «ተምሬያለሁ ያለ ሁሉ በርበሬ ያደርቃል እንዴ?» ብለው አጉረመረሙ፤ አልተሳሳቱም። ወይዘሮ ማርታ በማኅበሩ ፊት ቆመው «ስሌቴ የጠራ ሰማይ ስሌት ነው፤ የሐምሌን ሰማይ አልጠየቅሁትም። አንድ ጭነት ጨምሩልኝ» አሉ። ብዙዎቹ አመነቱ። የሐምሌ ወር ሊያልቅ ነው፤ ያ ጭነትም ከተበላሸ ለቀጣዩ የሚሆን ገንዘብ የለም። ወይዘሮ ሐሊና ተነሡና «ይህ ጭነት ከተበላሸ ከኔ ድርሻ ይታሰብ» አሉ። ነገሩ በዚህ ተዘጋ።

ወይዘሮ ማርታ ከዚያ በኋላ ወንበር አስመጥተው፣ ጋቢ ደርበው፣ ከጧት እስከ ማታ ግቢው ውስጥ መዋል ጀመሩ። የሚጠብቁት ጥላ ነበር። በናይሮቢ ሐምሌ ጧቱ በወፍራም ደመና ይሸፈናል፤ በዚያ ሰዓት ብርሃኑ ከሰማዩ ከሁሉም በኩል እኩል ስለሚመጣ ማድረቂያው ወዴት ቢዞር ልዩነቱ እምብዛም ነው። ጥላ የምትጥል ፀሐይ የምትወጣው፣ ከወጣችም፣ ከምሳ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀምራለች። ስለዚህ ማድረቂያው ማየት ያለበት ሰሜንን ብቻ አልነበረም፤ በሰሜንና በምዕራብ መካከል ነው። ጀርባው ከጧቱ ደመና ጋር ይኳረፍ፣ ፊቱ የከሰዓቷን ፀሐይ ይጠብቅ።

የቀረው የሌሊቱ ጉዳይ ነበር። አባላቱ ሐምሌ ሲበርዳቸው ለበርበሬውም አዝነው ማታ ላስቲኩን እስከ መሬት ያለብሱታል፤ ጥር ላይ ደግሞ ሲሞቃቸው ላስቲኩን ገልጠው በርበሬውን ለሰማይ ክፍት አድርገው ይሄዳሉ። ወይዘሮ ማርታ ሁለቱንም ገለበጡት። በጥር የጠራ ሌሊት ምድርም በርበሬውም ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ ይሰጣሉ፤ በርበሬው ከአየሩ በላይ ይቀዘቅዝና ጤዛ ይይዛል። ስለዚህ መከደን አለበት። በሐምሌ ግን ደመናው ራሱ ክዳን ነው፤ ሙቀቱን ይመልስልናል። ከደመናው በታች ሌላ ክዳን ሲደረብ ግን በርበሬው ያወጣው እርጥበት መሄጃ አጥቶ ላስቲኩ ላይ ይጠራቀምና መልሶ በራሱ ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ከላይ ጣራውን ትቶ ጎንና ጎኑን መክፈት ያስፈልጋል።

አቶ ፊሊጶስ «ብርድ ሲሆን ክፈቱ፣ ሙቀት ሲሆን ክደኑ ማለት ነው? ይህን ለማረቆ ሰው ብነግር አማኑኤል ይወስዱኛል» አሉ።

«ብርዱን ተወው፣ ፊሊጶስ። ማታ ከመሄድህ በፊት ቀና ብለህ ሰማዩን እይ። ኮከብ ካለ ክደን፤ ከሌለ ክፈት።»

ሁለተኛው ጭነት እንዲህ ተዘረጋ። የጣውላው ጀርባም ተነቅሎ በወንፊት ተተካ። በነሐሴ መጀመሪያ አንድ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ሐሊና ከማድረቂያው አንድ በርበሬ አንሥተው በጆሯቸው አጠገብ ነቀነቁት። ፍሬው ውስጡ ተንሿሿ። ወደ አቶ ፊሊጶስ ሮጡና በጆሯቸው ላይ አንሿሹላቸው፤ ከዚያ ወደ ወይዘሮ ማርታ። ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ በየእጃቸው በርበሬ ይዘው ሲነቀንቁ ግቢው እንደ ጸናጽል ይጮህ ጀመር። እልልታው እስከ ሞምባሳ መንገድ ተሰማ፤ የመጋዘኑ ዘበኛ ሠርግ መስሎት በሩን ከፍቶ ገባ።

አቶ ኑሬ መጥተው እንደ ልማዳቸው ሰንጥቀው አሸተቱ። ደግመው ሌላ ሰነጠቁ። «ይህ የናይሮቢ ሐምሌ ነው?» ብለው ጠየቁ። «የናይሮቢ ሐምሌ ነው» አሉ ወይዘሮ ሐሊና፤ አቶ ኑሬም ያለውን በሙሉ አስጫኑ። በማግስቱ ከዚሁ ሽያጭ ኪራዩ አስቀድሞ ሲከፈላቸው የግቢው ባለቤት የኮንቴይነሩን ሐሳብ ትተው ውሉን አደሱ።

ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ ሐምሌን ፈርቶ አያውቅም። አቶ ፊሊጶስ ከአውሮፕላን ማረፊያ የተጣሉ የዕቃ ጋሪ ጎማዎች ሰብስበው ማድረቂያዎቹን ሁሉ በጎማ ላይ አቆሟቸው፤ እንደ ልብ ይዞራሉ። የማዞሪያው ቀን ደግሞ የታወቀ ሆነ። በናይሮቢ ፀሐይ በአናት ላይ አልፋ ከደቡብ ወደ ሰሜን የምትሻገረው በመጋቢት መስቀል ሰሞን፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የምትመለሰው በመስከረም መስቀል ሰሞን ነው። ወይዘሮ ማርታ ይህንን ሲነግሯቸው አባላቱ ደነቃቸው። እሳቸው «እኔ አይደለሁም ያገጣጠምኩት» ብለው ሳቁ። እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ ሁለቱ የመስቀል በዓላት ሲደርሱ ከቅዳሴ መልስ አባላቱ ኢምባካሲ ሄደው፣ ጸሎት አድርገው፣ ማድረቂያዎቹን በአንድነት ያዞራሉ። ዛሬ ከሩንዳ እስከ ኢስሊ ባሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የሚቀርበው ወጥ ብዙው የዚህ ማኅበር በርበሬ ነው። የወይዘሮ ሐሊና ሦስት ልጆች በዚሁ ሥራ ተምረው ተመርቀዋል። ከማረቆም አንድ የገበሬዎች ማኅበር ጠይቆ፣ ወይዘሮ ማርታ በስልክ ሲያስረዱ፣ መጀመሪያ የተናገሩት «ጣውላውን እዚያው ተዉት፤ ለእናንተ ልክ ነው» የሚል ነበር።

ወይዘሮ ማርታ ሰው ሲሳሳት አይቆጡም፤ ተሳስቶ ሲደብቅ ግን ይቆጡ ነበር። ትዕግሥታቸው ለደመና የተሰጠ ስለ ነበር ለማታቱ ወረፋ የተረፈ አልነበራቸውም። የልጅ ልጃቸውን ሐሴትን በትምህርት ቤት ስለ ፀሐይ ስትጠየቅ ከመልሷ በፊት በመስኮት ወደ ውጭ እንድታይ አስተምረዋታል፤ መምህሯም ይህን በተመለከተ ለወላጆቿ አቤቱታ አቅርባለች።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የልብ ሕመም ያዛቸው። በአገር ውስጥም በውጭም ሕክምና ተደረገላቸው። የካቲት 2017 ዓ.ም. ሕመማቸው ስለ በረታ ሆስፒታል ገቡ። የመጋቢት መስቀል ሲደርስ አልጋ ላይ ነበሩ። ማድረቂያዎቹ ያለ እሳቸው ሲዞሩ ያ የመጀመሪያው ጊዜ ነው። ወይዘሮ ሐሊና ከግቢው በስልክ ደውለው «እትዬ፣ ምን ያህል ወደ ምዕራብ እናድርገው?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ማርታ ድምፃቸው ቢደክምም «እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? ጥላው አጠገብሽ ነው» አሏቸው። አባላቱ በራሳቸው አዞሩት፤ ፎቶ አንሥተውም ላኩላቸው። ቤቲ ስልኩን አቅርባ ስታሳያቸው አተኩረው አዩና «ልክ ነው። አንድም የምጨምረው የለም» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ በርበሬው ሐሳብ አልያዛቸውም።

ንስሓ ገብተው፣ ሥጋውን ደሙን ተቀብለው፣ መጋቢት 23 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ መጋቢት 25 ቀን፣ ጸሎተ ፍትሐት በቤተ ክርስቲያናችን ከደረሰ በኋላ፣ በላንጋታ መካነ መቃብር ይፈጸማል። ልጆቻቸው ሱራፌል ረታና ቤቲ ረታ፣ የልጅ ልጃቸው ሐሴት ሱራፌል፣ በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ የሚገኙ ወንድሞቻቸውና የወንድሞቻቸው ልጆች፣ እንዲሁም ያስተማሯቸውና አብረዋቸው የሠሩ ሁሉ በሐዘንም በኩራትም ይሸኟቸዋል።

ከቀብር መልስ ሐዘንተኛ የሚቀመጠው ሳውዝ ሲ በሚገኘው ቤታቸው ነው። የማኅበሩ አባላት ግን ጥቂት ዘግይተው እንደሚደርሱ ቤተሰቡ አስቀድሞ ያሳውቃል። በርበሬው ተዘርግቷል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ኢምባካሲ ሄደው፣ ሰማዩን አይተው፣ ወይ ይከድናሉ ወይ ይከፍታሉ። ይህን ያዘዙት ራሳቸው ወይዘሮ ማርታ ናቸው፤ «ለቅሶዬ ላይ ለመድረስ ብላችሁ በርበሬ እንዳታበላሹብኝ» ብለዋል።

የብርሃን ጌታ እግዚአብሔር የወለተ ሚካኤልን ነፍስ ከደጋጎቹ አባቶችና እናቶች ጋር ያሳርፍልን። ለቤተሰባቸውና ለወዳጆቻቸው መጽናናትን፣ ለማኅበራቸውም በረከትን ያብዛ። አሜን።